ዝም ብሎ መግዛት

እኔ በምኖርበት በባሕር ዳር፣ በሹም አቦ ሰፈር፣ ሰው ጠዋት የሚነቃው በሁለት ድምፅ ነው። አንደኛው ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ነው። ሁለተኛው «ቆራሌው!» እያለ ከበር በር የሚዞረው የአሮጌ ዕቃ ገዢ ጥሪ ነው። አንደኛው ያላችሁን አካፍሉ ይላል፤ ሁለተኛው የማይጠቅማችሁን ሽጡልኝ ይላል። በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለቱንም ሰማሁና ሁለተኛውን ተከትዬ ወጣሁ። ያን ዕለት ያደረግሁት ነገር ወንጀል አይደለም። እንዲያውም ምርቃት አስገኝቶልኛል። ችግሬም የጀመረው ከምርቃቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤቴ በሦስተኛው ግቢ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ «እማማ» የሚላቸው አንዲት አረጋዊት ይኖራሉ። ባለቤታቸው ዕድሜያቸውን በእርሻ ባለሙያነት ያሳለፉ ሰው ነበሩ፤ ካረፉ ዓመት አልፎ ነበር። ተዝካራቸው ወጥቶ፣ ቤቱ ተጠራርጎ፣ ከጓሮ ከማገዶ ክምር ሥር አንድ ዝገት የበላው ሞተር ብስክሌት ተጎትቶ ወጥቷል። ቆራሌው በጫማው ጫፍ እየነካካ፣ «ይሄ ምን ያወጣል እማማ፤ አሉሚኒየሙ ብቻ ነው እኮ» ይላቸዋል። ከብዙ ክርክር በኋላ 3,500 ብር አለ።

እኔ ቀረብ ብዬ አየሁት። ጠባብ ሰልባትዮ፣ ለአንድ ሰው እንኳ የምትበቃ የማትመስል መቀመጫ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሞተር፣ ከሥሩ ድንጋይ እንዳይመታው የተጋረደ ብረት፣ ወደ ኋላ የተጠጋ የእግር መርገጫ። በጎኑ ላይ የደረቀውን ጭቃ በአውራ ጣቴ ስጠርገው ልቤ መታ። ስለ አሮጌ ሞተሮች የሚያወሩ የውጭ መጽሔቶችን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳገላብጥ ኖሬአለሁ። ፊቴ የቆመው ሆንዳ ቲኤል 125 ነበር።

«እማማ፣ ለእርሱ ከሚሸጡት ለእኔ ይሽጡልኝ፤ አንድ ሺህ ብር እጨምራለሁ» አልኋቸው።

«ምን ያደርግልሃል ልጄ፣ ይሄ ብረት?» ብለው ጠየቁኝ።

«እስቲ አስጠግኜ አየዋለሁ» አልሁ።

ውሸት አልተናገርሁም። 4,500 ብር ቆጥሬ ሰጠሁ። እማማ ገንዘቡን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ «አፈር ስትዘግን ወርቅ ይሁንልህ» ብለው መረቁኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ «አሜን» አልሁ። የዘገንሁት አፈር አስቀድሞ ወርቅ መሆኑን ግን አውቅ ነበር።

ሞተሩ ምን እንደሆነ ካላስረዳሁ ጥፋቴም በቅጡ አይታይም። ሞተር ብስክሌት ሲባል በአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚመጣው ፍጥነት ነው። ትራያል የሚባለው ውድድር ግን ፍጥነት አይጠይቅም። ተወዳዳሪው በቋጥኝ፣ በጅረትና በጭቃ አቀበት ላይ የተከለለችውን አጭር መንገድ በሞተሩ ላይ ቆሞ፣ ቀስ ብሎ፣ ሚዛኑን ጠብቆ ያልፋታል። እግሩን አንዴ መሬት ካስነካ አንድ ነጥብ ይቆጠርበታል፤ ከወደቀ ወይም ካቃተው አምስት። አሸናፊው ብዙ ነጥብ ያገኘው ሳይሆን ትንሽ ነጥብ የተቆጠረበት ነው። በዚህ ረገድ ስሙ የገነነው የስኮትላንዱ የስድስት ቀን ትራያል እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሳሚ ሚለር የተባለው የሰሜን አየርላንድ ሰው ቡልታኮ በተባለው ቀላል የስፔን ሞተር ይህን ውድድር ሲያሸንፍ፣ የከባዶቹ የእንግሊዝ ሞተሮች ዘመን አበቃ። ጃፓኖችም ዝም አላሉም፤ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1973 ይህችን 122 ሲሲ የሆነች ባለ አራት ስትሮክ ሞተር ይዞ ብቅ አለ። እንዲህ ያለ ሞተር ዕጣው ከድንጋይ ጋር መጋጨት ስለሆነ ሙሉ ሆኖ ለእርጅና የሚበቃው ጥቂት ነው። ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉትም ለዚህ ነው።

የእማማ ባለቤት ውድድር ገብተው አያውቁም። ሞተሩን በ1968 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ባለሙያ ላይ ነው የገዙት። ነገር ግን ወደ ዘጌ፣ ወደ መራዊ፣ ወደ አዴት በሚወስዱት መንገዶች፣ በሐምሌ ጭቃ፣ የዘር ከረጢት ከኋላቸው አስረው ሃያ ዓመት ያህል ተመላልሰውበታል። ስኮትላንዶች በዓመት ስድስት ቀን የሚያደርጉትን እርሳቸው ክረምቱን ሙሉ ያደርጉት ነበር። ነጥብ የሚቆጥር ዳኛ ግን አልነበረም።

ሞተሩን እዚያው ሰፈራችን ወዳለው ጋራዥ አስገፍቼ ወሰድሁት። መካኒኩ እኩያዬና ጓደኛዬ ነው። ሙያውን የተማረው ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ ሲሆን፣ ሽማግሌው ደግሞ ከጣሊያን ነው የተማሩት። ስለዚህ የጃፓኑ ሞተር ባሕር ዳር ላይ የተፈታው በጣሊያን ስም ነው፤ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ቃላቱ ግን በጋራዦቻችን ቀሩ። ዛሬ ማንም የማን ናቸው ብሎ አይጠይቅም። የሠራባቸው ሰው የራሱ አድርጓቸዋል።

ሥራው ሁለት ዓመት ፈጀ። ካርቡራቶሩ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። የፒስተኑ ፋሻ አዲስ አበባ ቢፈለግ ጠፍቶ ከውጭ በሰው እጅ መጣ። የማርሽ መርገጫው ዘንግ ቶርኖ ቤት ሦስት ጊዜ ተቀርጾ በሦስተኛው ገጠመ። ከመካኒኩ ጋር የተከራከርነው ግን በትልቁ ነገር ሳይሆን በትንሹ ነው። የግራው የእግር መርገጫ ከፋብሪካ የመጣው አልነበረም። ከፌሮ ተቆርጦ የተበየደ፣ ጭቃ እንዳያንሸራትተውም በሞረድ ጥርስ ጥርስ የወጣለት ነበር። የሟቹ የእጅ ሥራ መሆኑ ነው። እኔ ይነሣና ኦሪጅናሉ ይፈለግ አልሁ። መካኒኩ «ምን በደለህ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ጎንደር ትዝ አለኝ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፋሲል ግቢን ሕንፃዎች ሲጠግኑ ሲሚንቶና የአርማታ ብረት ተጠቅመው ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ የመጡት ጠጋኞች ደግሞ የማይስማማውን ሲሚንቶ እያነሡ ሕንፃው መጀመሪያ በተሠራበት በኖራ ይተኩት ጀመር። የሚጠግን ሰው ሁሉ ይህ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ዕቃውን የምመልሰው ወደ የትኛው ዘመኑ ነው? ከፋብሪካ ወደ ወጣበት ዕለት ነው? ወይስ አገልግሎ ወዳረጀበት? ሁሉም ጥገና እኩል አይደለም። ሲሚንቶው የሕንፃውን ጠባይ ያላገናዘበ ጥገና ነበር። ፌሮው ግን ሞተሩን ከመቆም ያዳነ ነው። የመካኒኩ ቃል ጸናና መርገጫው ባለበት ቀረ።

ከዚያ በኋላ መቀመጫው ሲፈታ ከሥሩ በላስቲክ የተጠቀለለ ትንሽ ደብተር ተገኘ። ሟቹ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ ዘይት የቀየሩበትን ቀን፣ ጎማ ያስለጠፉበትን ቦታ፣ ያወጡትን ገንዘብ መዝግበዋል። ከ1979 ዓ.ም. መስመሮች በአንዱ ላይ እንዲህ የሚል አለ፤ «ፒስተንና ፋሻ፣ 180 ብር፣ ከእርሷ።» በዚያን ዘመን ለደመወዝተኛ ቤት 180 ብር ምን ማለት እንደነበረ የደረሰበት ያውቀዋል። መካኒኩ በትከሻዬ ላይ አንብቦ፣ «እማማም ለካ ባለቤት ኖረዋል» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ግን ወደ ሥራዬ መመለስ አልቻልሁም።

በ2011 ዓ.ም. ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ ሰፈሩን አስወጣ። ወሬውም ብዙ ሳይቆይ እዚሁ ባሕር ዳር አድጎ ውጭ አገር ለሚኖር፣ አሮጌ ሞተር ለሚሰበስብ ሰው ደረሰ። መጥቶ አየ፤ ተንበርክኮ ከሥሩ ገብቶ አየ፤ 85,000 ብር እሰጣለሁ አለ። «ያቺን ፌሮ ግን አልፈልጋትም፤ ኦሪጅናሉን እኔ አመጣለሁ» ብሎ ጨመረ።

ለመሆኑ የዚህ ገንዘብ ባለቤት ማን ነው?

በዚያን ሰሞን ለራሴ ጠበቃ ሆኜ ሦስት መከራከሪያዎች አቀረብሁ። አንደኛ፣ እኔ ባልደርስ ኖሮ ሞተሩ በቆራሌው ጋሪ ተጭኖ፣ ቀልጦ፣ ድስት ይሆን ነበር። ሁለተኛ፣ ዕውቀቴ የድካሜ ፍሬ ነው፤ ሌላው ሰው ሲተኛ እኔ ሳነብ ያገኘሁት ነው። ሦስተኛ፣ ኪሳራው የእኔ ብቻ ነበር። ሞተሩ አልነሣ ቢል ኖሮ እማማን «4,500 ብሬን ይመልሱልኝ» አልላቸውም ነበር።

ነገሩ ለእኔ አዲስ ሆነ እንጂ ለዓለም አዲስ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ነጋዴ ያቀርባል። ሮድስ የምትባለው ደሴት ተርባለች፤ ነጋዴው ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። ሌሎች እህል የጫኑ መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን ያውቃል። ይናገር? ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ሲሴሮ ሁለት ፈላስፎችን ያከራክርና ነጋዴው መደበቅ አልነበረበትም ብሎ ይፈርዳል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1817 ይበልጥ የእኔን የሚመስል ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። በኒው ኦርሊንስ አንድ ገዢ ጦርነቱ በዕርቅ ማለቁን ቀድሞ ሰምቶ፣ ሳይናገር፣ ትንባሆ በርካሽ ይገዛል። ዋጋውን የሚለውጥ ወሬ እንዳለ ሲጠየቅም ዝም ይላል። ዋና ዳኛው ጆን ማርሻል ገዢው የመናገር ግዴታ የለበትም አሉ። እኔም ይህን ሳነብ ለጊዜው ተጽናናሁ።

የአገሬን ሕግ ስገልጥ ግን መጽናናቱ ቀነሰ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1710 ሁለት ነገር አጠጋግቶ ያስቀምጣል። በመጀመሪያ፣ ውል ለአንዱ ወገን እጅግ ስለጠቀመ ብቻ አይፈርስም ይላል። ቀጥሎ ግን፣ ፈቃዱ የተገኘው የሰውየውን ችግር፣ የዋህነት፣ እርጅና ወይም ግልጽ የሆነ የንግድ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ በማድረግ እንደሆነ፣ ርትዕ ሲያስገድድ ውሉ ሊፈርስ ይችላል ይላል። ሕግ ዐዋቂ አይደለሁም። እማማን ያየ ሰው ግን ከአራቱ ቃላት ቢያንስ ሁለቱ ሲነበቡ ፊቱን ወደ እኔ ማዞሩ አይቀርም።

እንግዲህ የራሴን ሦስት መከራከሪያዎች እንደገና አየኋቸው።

ከቆራሌው አድኜዋለሁ ማለቴ እውነት ነው። ነገር ግን ገደል የገባ በሬ ያወጣ ሰው ምስጋናና የድካም ዋጋ ይገባዋል እንጂ በሬው አይገባውም። ኪሳራው የእኔ ነበር ማለቴም እውነት ነው፤ ስለዚህ ከትርፉ ድርሻ አለኝ። ድርሻ ማለት ግን ሁሉን ማለት አይደለም። የከበደኝ ሁለተኛው፣ የዕውቀት ነገር ነው። ዕውቀት ዋጋ አለው፤ ሐኪም የሚከፈለው ለዕውቀቱ ነው። ግን ሐኪም የሚከፈለው በሽታውን ተናግሮ ነው። መካኒኩ ሞተሩን ሲፈታ ዕውቀቱ ሥራ ሆኖ በሞተሩ ላይ ተጨመረ። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ የፈለግሁት፣ ያስመጣሁት፣ ያስጠገንሁት ሁሉ እንዲሁ የተጨመረ ነው፤ ሒሳቡ ይገባኛል። በዚያች ቅዳሜ በእማማ በር ላይ ግን ዕውቀቴ ምንም አልጨመረም። የሠራው አንድ ነገር ቢኖር ዝም ማለት ነው። ዝምታ ደግሞ ሥራ አይደለም፤ ደመወዝ አይገባውም።

«ገበያ እንዲህ ነው፤ ሁሉም የሚያውቀውን ይዞ ይመጣል» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። በገበያ ሁለት ነጋዴዎች ሲገናኙ እውነት ነው። ሁለቱም ጨዋታውን ያውቃሉ፤ ዛሬ የተበለጠው ነገ ይበልጣል። እማማ ግን ገበያ አልወጡም። በራቸው ላይ ቆመው ጎረቤታቸውን ጠየቁ። የሚታወቅ ነገር መኖሩንም አያውቁም ነበር። ጥያቄያቸውም የሚያስፈልገኝን መልስ ሁሉ ይዞልኝ መጥቶ ነበር፤ «ምን ያደርግልሃል?»

ለእንዲህ ያለው ውል አንድ ቀላል መፈተኛ ያለው ይመስለኛል። ሌላው ወገን ውሎ አድሮ ሁሉን ቢሰማ ምርቃቱን ይደግመዋል? የሚደግመው ከሆነ ሽያጩ ንጹሕ ነው፤ ብዙ ያተረፍሁበት ቢሆንም ንጹሕ ነው። ምርቃቱን መልስልኝ የሚለኝ ከሆነ ግን በገንዘቡ ያልተካተተ ሌላ ነገር ወስጃለሁ።

ስለ ሌሎች ስናወራ ይህ መፈተኛ አይጠፋንም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የሆነው ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። አንድ ወታደር የጳጳሱን ዘውድና የወርቅ ጽዋ ዘርፎ ይዞ ሲሄድ አገኘው፤ ሁለቱንም በአራት ፓውንድ ገዛው። ወታደሩ የያዘውን አላወቀም፤ ገዢው አውቋል። ዘራፊው ወታደሩ ስለሆነ አናዝንለትም፤ ታሪኩን ስናነብ የሚያናድደን ግን ዝርፊያው ብቻ አይደለም። ያቺ አራት ፓውንድ ራሷ ታናድዳለች። ስንቱ ብራና ከየገዳማቱ ደጃፍ፣ ምንነቱን ከማያውቅ እጅ፣ ምንነቱን ወደሚያውቅ እጅ በጥቂት ብር ማለፉንም እያነሣን እንቆጫለን። እኔም በዚህ ጉዳይ ብዙ ተቆጭቻለሁ፤ በብዕርም ጽፌአለሁ። ከእኔ ቤት ሦስተኛው ግቢ ላይ ግን ሆልምስ እኔ ነበርሁ። ልዩነቱ፣ የእኔ ሻጭ ዘራፊ አልነበሩም።

ሒሳቡን ሠራሁ። የገዛሁበት 4,500፣ ለመለዋወጫ፣ ለቶርኖ ቤትና ለመካኒኩ የወጣው 38,000፣ በድምሩ 42,500 ብር። ከ85,000 ላይ ሲነሣ የቀረው 42,500 ብር ነው። ግማሹን ለእኔ ለድካሜና ለደፈርሁት ኪሳራ፣ ግማሹን ሞተሩን ሃያ ዓመት በሕይወት ላቆየው ቤት አደረግሁት። ለምን ግማሽ? ከዚህ የተሻለ ሚዛን ያለው ቢነግረኝ እሰማለሁ። ሞተሩን ሸጥሁና 21,250 ብር በፖስታ፣ ደብተሩንና የተነሣውን የፌሮ መርገጫ በፌስታል ይዤ ሄድሁ።

እማማ ቡና እያፈሉ ነበር። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የሞተሩን ዓይነት፣ የተሸጠበትን ዋጋ፣ የሒሳቡን አከፋፈል። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ፣

«ያን ጊዜ ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«አውቅ ነበር እማማ።»

ቡናውን ቀድተው ሰጡኝ። ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጠሩት፤ እንደ በፊቱ በነጠላቸው ጫፍ አልቋጠሩትም፤ ተነሥተው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ደብተሩን ሳይገልጡ አጠገባቸው አስቀመጡት። ፌሮውን ግን በእጃቸው ይዘው ጥርሱን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ «ይችን ሲሞርዳት እኔ ነበርሁ የያዝሁለት» አሉ። ሌላ አልተናገሩም።

ይህን የሰሙ ወዳጆቼ በሁለት ተከፍለዋል። ግማሾቹ ሞኝ ይሉኛል፤ ሕግ ያልጠየቀህን ከፈልህ ይሉኛል። ግማሾቹ ደግሞ ዘገየህ እንጂ አልከፈልህም ይላሉ፤ ያን ቅዳሜ ጠዋት አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ እማማ ራሳቸው በደስታ አጋማሽ ያደርጉህ ነበር ይላሉ። የኋለኞቹ ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። እውነት በጊዜዋ ብትነገር ምንም አታስከፍልም ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ስትነገር ግን ገንዘቡን መለሰች እንጂ ያን ጠዋት አልመለሰችውም።

እማማ ዛሬም በበራቸው ሳልፍ «እንዴት አደርህ ልጄ» ይሉኛል፤ ቡና ሲፈላም ይጠሩኛል። ከዚያ ወዲህ ግን አልመረቁኝም። እኔም ምርቁኝ ብዬ ለመጠየቅ አልደፈርሁም።